ቅቤ የጠጣው ጊታር

ባለፈው ሳምንት የቤቴን በር ቫርኒሽ ሊቀባልኝ የመጣው ሠራተኛ ጣሳውን ከፍቶ ከማማሰሉ በፊት፣ እንደ ልማዴ ላዩ ላይ የተጻፈውን መመሪያ ማንበብ ጀመርኩ። መመሪያ ማንበብ እወዳለሁ። የመድኃኒት ብልቃጥም ይሁን የሳሙና መጠቅለያ፣ ጽሑፍ ካለበት ሳላነበው አላልፍም። ተራ ቁጥር ሁለት ላይ «የሚቀባው እንጨት ከማንኛውም ቅባት የጸዳ መሆኑን ያረጋግጡ» ይላል። ብቻዬን ሳቅኩ። ሠራተኛው ብሩሹን እንደያዘ ዞር ብሎ «ምነው ጋሼ?» አለኝ። «ምንም፤ አንድ ጊታር ትዝ ብሎኝ ነው» አልኩት። በርና ጊታር ምን እንዳገናኛቸው ሊጠይቀኝ አስቦ ነበር፤ ግን መልሴ እንደሚረዝም ከፊቴ ያወቀ ይመስለኛል፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ዕድሜዬ ሃያ አራት ነበር፤ ሰቆጣ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የወልድያ ልጅ ነኝ። መጀመሪያ ስመጣ ከኮረም ጀምሮ የእህል መኪና ጀርባ ላይ ተቀምጬ ስለነበር አቧራው ፀጉሬንም ቅንድቤንም አንጥቶት፣ የቤት አከራዬ ሲያዩኝ «ይሄን ያህል ሽማግሌ መምህር ላኩልን?» ብለው ማዘናቸውን ኋላ ነግረውኛል። ፊቴን ስታጠብ ደግሞ «ውይ፣ ልጅ ነው እንዴ!» ብለው ሁለተኛ አዘኑ።

በዚያን ጊዜ ከኪሴ ዝርዝር አይጠፋም ነበር። የነገ ሥራ በተራ ቁጥር፣ የሳምንቱ በተራ ቁጥር፣ የሚገዛው በተራ ቁጥር። አብሮኝ ይኖር የነበረው ተሾመ የሚባል የአማርኛ መምህር «አንተ እኮ ስትሞት ሬሳህን ሳይሆን ዝርዝርህን ነው የምንቀብረው» ይለኝ ነበር። አልቆጣውም። ሥርዓት ያለው ሰው መሳለቂያ መሆኑን ቀድሜ ተቀብዬዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። ኤሌክትሮማግኔቲዝም የሚባለው ምዕራፍ ላይ ደርሰን ነበር። ቀላል ነው፤ ላስረዳችሁ። አንድ ማግኔት ወስዳችሁ ዙሪያውን እንደ ፀጉር በቀጠነ የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ትጠመጥሙበታላችሁ። ከላዩ ላይ የብረት ክር ትወጥራላችሁ። ክሩን ስትነኩት ይንቀጠቀጣል፤ በተንቀጠቀጠ ቁጥር በመዳቡ ውስጥ እፍኝ የማትሞላ ኤሌክትሪክ ትፈጠራለች። እሷን ወደ ድምፅ ማጉያ ብትልኳት ድምፅ ሆና ትወጣለች። የኤሌክትሪክ ጊታር ማለት በቃ ይኸው ነው። ይህን ሁሉ በሦስት ዓይነት ቀለም ጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሥዬ ስዞር፣ ምሕረት የምትባል የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። ምሕረት ቤተሰቦቿ ገዳሙ ያለበት ሳይሆን እዚያው ዋግ ውስጥ ያለው ዝቋላ ናቸው፤ ለትምህርት ብላ ሰቆጣ አክስቷ ጋ ትኖራለች። ክራር መምታት ከታላቅ ወንድሟ ተምራለች።

«መምህር፣ ሲሠራ አይተውት ያውቃሉ?»

«እ... በመጽሐፍ።»

«እኛም እኮ በመጽሐፍ አየነው» አለ ከኋላ አንዱ፤ «እኩል ነን ማለት ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አዲስ ዝርዝር መጻፍ ጀመርኩ። ርእሱ «ጊታር» ነበር። እውነቱን ለመናገር ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ጊታር ተመኝቼ አላገኘሁም፤ መማሪያ ይሁን ምኞት እኔም በውል አልለየሁትም።

የሳይንስ ክበባችን አንድ ክፍል ነበረው። የተሰበሩ ሬዲዮዎች፣ የአምፖል ሬሳዎች፣ ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎች፤ ሀብታችን ይህ ነበር። ርእሰ መምህራችን አቶ ንጉሤ ደግሞ ያችን ክፍል በዓይናቸው ይዘዋታል። አቶ ንጉሤ ሜጋፎናቸውን ከእጃቸው የማይለዩ፣ ሦስት እርምጃ ላይ ያለንም ሰው በሜጋፎን የሚያናግሩ ሰው ነበሩ። በሜጋፎን የማያናግሩኝ ቢሮ ውስጥ ብቻ ነው።

«ክረምት ላይ አዲስ መጽሐፍ ይመጣል፤ ማስቀመጫ የለኝም» አሉኝ። «ያ ክፍል ደግሞ የሬዲዮ መቃብር ሆኗል።»

«የወላጆች ቀን እስኪደርስ ይታገሡን። የኤሌክትሪክ ጊታር ሠርተን እናሰማለን።»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «እናንተ? ጊታር?»

«እኛ።»

«መልካም። ወላጅ ፊት ከጮኸ ክፍሉ የእናንተ ነው። ካልጮኸ መጽሐፍ ይገባበታል።»

በማግሥቱ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ይህንኑ ውል ለተማሪው ሁሉ በሜጋፎን ለፈፉት። ክበባችን ሌላ መሰብሰቢያ ስለሌለው፣ ክፍሉ ከሄደ ክበቡም ሄደ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ማፈግፈግ አልነበረም።

የእንጨቱን ሥራ አያ ኪሮስ ያዙልን። ከገበያው ዝቅ ብሎ በረንዳቸው ላይ የሚሠሩ አናጢ ናቸው፤ በር፣ አልጋ፣ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ፣ ክራርም ይሠራሉ። የቀኝ አውራ ጣታቸውን ጫፍ መጋዝ ወስዶታል፤ «የተከፈለ ግብር ነው» ይላሉ ሲጠየቁ። ልኬቱን በሚሊ ሜትር የጻፍኩበትን ወረቀት ስሰጣቸው አራርቀው ይዘው፣ መዝሙረ ዳዊት በሚያነቡበት ዜማ አነበቡትና፦

«ይሄ ሁሉ ቁጥር ለአንድ ክራር?»

«ክራር አይደለም አያ ኪሮስ። ጊታር ነው።»

«መቃኛ አለው፣ ክር አለው፣ ያዜማል። ታዲያ ክራር ያልሆነው ምኑ ነው?»

ለሰውነቱ አንድ ሰፊ የዋንዛ ሳንቃ ነበራቸው። ለሁለት ሰነጠቁትና ግማሹን ለእኛ ጠረቡልን፤ ግማሹ በረንዳው ላይ ቀረ። አንገቱን ከወይራ አወጡት። እኛም ክፍላችን ውስጥ ከተቃጠለ ሬዲዮ መዳብ ፈትተን፣ ከተቀደደ ድምፅ ማጉያ ማግኔት አውጥተን መጠምጠም ያዝን። አንዱ ይጠመጥማል፣ አንዱ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። አንድ ቀን አራት ሺህ ሁለት መቶ ላይ ቆጣሪው አስነጠሰውና ቁጥሩ ጠፋው። ከዚያ «አራት ሺህ ሁለት መቶ አካባቢ» እያልን ቀጠልን፤ እኔ ግን ያቺ «አካባቢ» እስከ ዛሬ ታሳክከኛለች። አንገቱ ላይ ክሩ በጣት የሚጫንባቸውን ብረቶች ከጃንጥላ ዘንግ ቆራረጥናቸው። ሦስት የመምህራን ጃንጥላ አለቀ። አንዱ የተሾመ ነበር፤ የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ ሲመታው «ፊዚክስ እየዘነበብኝ ነው!» እያለ ሲሮጥ አይቼዋለሁ።

የግንቦት ፀሐይ በሰቆጣ ቀልድ አያውቅም። የክፍላችን ቆርቆሮ ጣሪያ ከረፋድ ጀምሮ ቀጭ ቀጭ ይላል። እኛ በዚያ ሙቀት እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት እንፍቃለን፤ መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በመካከለኛው፣ በመጨረሻ በለስላሳው፣ ሁልጊዜ የእንጨቱን ጅማት ተከትለን። ዋንዛው እንደ ሕፃን ጉንጭ ለሰለሰ። የቀረው ከወልድያ ያስመጣኋትን አንዲት ጣሳ ቫርኒሽ መቀባት ነበር። በዚያው ሰሞን ግን ለፈተና ሥራ ጽጽቃ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተላክሁ፤ ደርሶ መልስ አምስት ቀን። ስሄድ ጊታሩን አያ ኪሮስ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩና ከጎኑ ሰባት ነጥብ ያለው ዝርዝር ለጠፍኩ። አቧራ አይንካው፣ ውኃ አይንካው፣ ልጅ አይንካው፣ ዶሮ አይውጣበት፣ እያለ ይወርዳል። ቅቤ አይንካው የሚል አልነበረበትም። ከየት ይታሰበኛል?

ስመለስ ጊታሩ እንደ ሙሽራ ግንባር ያበራል።

«ቅቤ አጠጣሁት» አሉ አያ ኪሮስ፣ እጃቸውን በሱሪያቸው እየጠረጉ። «ሦስት ቀን ጠጣ። የሰኔ ጾም ነው፤ ቤት ያለው ቅቤ ሥራ ፈትቶ ነበር።»

በዋግ ተጠርቦ የተላገ አዲስ እንጨት ደረቁን አያድርም። ገበታም ይሁን የወተት ዕቃ፣ መጀመሪያ ቅባት ይጠጣል። ይህንን ያኔ አላውቅም። ከጽጽቃ በእግር ስለመጣሁ ደክሞኛል፤ ለወላጆች ቀንም ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ሳልከራከር በጨርቅ ጠርጌ፣ ጠርጌ፣ በቃ ጸድቷል ብዬ፣ ክፍላችን ወስጄ ያችን ጣሳ ቫርኒሽ ሙልጭ አድርጌ ቀባሁት።

በማግሥቱ ስነካው ጣቴ ተጣበቀ። በሦስተኛው ቀን አንድ ዝንብና ሁለት ገለባ ነበሩበት። በአራተኛው ቀን የዶሮ ላባ ተጨመረ። በአምስተኛው ቀን ቫርኒሹ እንደ ቀዘቀዘ ወተት ፊት ተጨማዶ፣ ሲጫኑት ከሥሩ ይንሸራተታል። ምሕረት አንገቱን ይዛ እጇን ልታላቅቅ ስትታገል አየሁና ደሜ ፈላ። በዚህ መሐል አያ ኪሮስ መሮና መላጊያቸውን ይዘው ሊያግዙን ገቡ። ተማሪዎቼ ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፦

«የማያውቁትን ነገር ባይነኩ ምን ነበረበት! አበላሹት እኮ! ዝርዝሩን አላነበቡም?»

«አነበብኩት» አሉ ቀስ ብለው።

መሮአቸውን በከረጢታቸው ከተቱ፣ መላጊያውን ከተቱ፣ «ደህና ዋል መምህር» ብለው ወጡ። ከተማሪዎቹ አንድም አልሳቀም። አንድ ሁለቱ በኽምጣና ተንሾካሾኩ፤ ቋንቋው ባይገባኝም ስለ እኔ መሆኑ ገባኝ።

ማታ እራት ላይ ለተሾመ ነገርኩት። የያዘውን ጉርሻ አስቀመጠ።

«‘ደህና ዋል’ ብለውህ ሄዱ?»

«አዎ።»

«በቃ፣ አልቆልሃል። ቢሰድቡህ ይሻልህ ነበር። ለመሆኑ አንተ ሰው ነህ ወይስ ሰዓት? አባትህ የሚሆኑ ሰው እኮ ናቸው።»

ያን ሌሊት ዝርዝር አልጻፍኩም። ዘጠኝ ቀን ቀርቷል፤ ቫርኒሽ የለም፤ ቢታዘዝም በጊዜው አይደርስም፤ አናጢ የለም። ጊታሩን ሳስብ ክፍሉ ይመጣብኛል፤ ክፍሉን ሳስብ የአያ ኪሮስ ከረጢት ሲዘጋ ይታየኛል። ይበልጥ ያሳፈረኝ የቱ እንደሆነ ሲነጋ ገባኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሾመን አስከትዬ ቤታቸው ሄድኩ። በረንዳው ላይ ነበሩ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ።

«ተው፣ ተው። ለአንድ ክራር ጉልበት አይሳምም።»

«ጊታር ነው...» አልኩ ሳላስበው። ተሾመ በክርኑ ጎሸመኝ። አያ ኪሮስ ግን ከት ብለው ሳቁ፤ ባለቤታቸውን እቴ ለምለምንም ጠርተው በኽምጣና ነገሯቸውና እሳቸውም ከጓዳ ሳቁ። እህል ሳልቀምስ ስለ እንጨቱ አንድ ቃል እንዳልናገር ተከለከልኩ። የማሽላ እንጀራ በሽሮ ቀረበ፤ ጠላ ተቀዳ። በልተን ስንጨርስ አያ ኪሮስ ተነሥተው ከበረንዳው ጥግ አንድ ሳንቃ ጎትተው አምጥተው እግሬ ሥር ጣሉት።

«ይሄ ማነው?»

አየሁት። የእኛ ዋንዛ ነው፤ ለሁለት ሲሰነጠቅ የቀረው ግማሽ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ተተርትሯል፤ ስንጥቁ ጣቴን ያስገባል።

«ባንድ ቀን ነው የላግኋቸው። ያንተ ቅቤ ጠጣ፤ ይሄኛው ደረቁን ዋለ። ፀሐዩ አንድ ነው፣ በረንዳው አንድ ነው። አንተ ጽጽቃ እያለህ ነው ‘ጧ!’ ያለው። ለምለም ጥይት መስሏት ወጥታለች።»

ይህን ነገር ለዘጠነኛ ክፍል በመጀመሪያው ሳምንት አስተምረዋለሁ፦ ሁለት እኩል ነገር ውሰዱ፤ በአንዱ ላይ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ሌላውን ለማነጻጸሪያ ተዉት። ሙከራ ማለት ይህ ነው ብዬ ሰሌዳ ላይ አሰምርበታለሁ። አያ ኪሮስ ሳያሰምሩበት ሠርተውታል። ቅቤው ባይኖር ኖሮ የሚያጣብቅ ጊታር እንኳ አይኖረኝም ነበር፤ ሁለት ማገዶ ይዤ ነበር የምቀረው።

«ለምን ያን ዕለት አልነገሩኝም?»

«አንተ አልጠየቅኸኝም። አበላሹት አልከኝ እንጂ ለምን ቀቡት አላልከኝም።»

ተሾመ ወደ ጠላው አቀረቀረ፤ እየሳቀ እንደሆነ ከትከሻው ያስታውቃል።

«አሁን ምን ይሻላል አያ ኪሮስ?»

«እንጨት ለሁለት ጌታ አይገዛም። ወይ የጣሳው፣ ወይ የላሚቱ። የጣሳህ አልቋል። የላሚቱ ግን አለ።»

ሰኞ ሥራ ጀመርን። የተሰበረ ጠርሙስ ስባሪ በጨርቅ ይዘን ያን የተጨማደደ ቫርኒሽ ልጣጭ በልጣጭ ፋቅነው፤ ከዝንቡ ጋር። የተረፈውን ርዝራዥ ምሕረት በእንዶድ አረፋ አጠበችው። በጥላ ከደረቀ በኋላ አያ ኪሮስ ቅቤውን በመዳፋቸው አሙቀው እንደገና ማሸት ያዙ፤ ሆዱን፣ ጀርባውን፣ አንገቱን፣ ልክ እንደ ታመመ ልጅ። ከዚያ እቴ ለምለም መጡና «ጭስ የኔ ነው፤ ወንዶች ውጡልኝ» አሉ። የወተት ዕቃ በሚታጠንበት የወይራ ፍልጥ ጭስ ላይ ጊታሩን አንጠልጥለው ሁለት ቀን አጠኑት። ምን ያህል ደቂቃ፣ ከስንት ርቀት ላይ እንደሚታጠን ልመዘግብ ደብተር ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። «እስኪበቃው ነው» አሉኝ። እንዲያ ብዬ ጻፍኩት። ሲወጣ ዋንዛው እንደ ጠይም ማር ጠቁሯል፤ እጅ ላይ አያጣብቅም፣ አያንሸራትትም፤ ሲያሸቱት ርጎ ያሰኛል።

መገጣጠሙ ሁለት ከሰዓት በኋላ ወሰደ። አንገቱን በአራት ብሎን አሰርን። የጃንጥላ ብረቶቹን በሠንጠረዤ መሠረት አንድ በአንድ አስገባናቸው፤ አያ ኪሮስ እያንዳንዷን በጆሯቸው ሳይፈትኑ አላለፉም፤ አንዷን ብቻ «ትንሽ ተንጠራርታለች» አሉ፤ ብለካ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወጥታለች። ክሮቹ የሚያርፉበትን ብርኩማ ከበሬ ቀንድ ቀረጹት። ክሮቹን የሚወጥሩት እንደ ክራር ያሉ የወይራ መቃኛዎች ናቸው፤ እነሱን ብቻ ቅቤ አላስነኳቸውም። እንዳይንሸራተቱ ጠመኔ ቀባናቸው፤ ለሥራው ያዋጣሁት ትልቁ ነገር ያች ጠመኔ ሳትሆን አትቀርም። ስድስቱ የብረት ክሮች ደሴ ያለ ጓደኛዬ በፖስታ የላከልኝ ነበሩ።

ከተማው መብራት የሚያገኘው በጄነሬተር፣ ያውም ማታ ለጥቂት ሰዓት ነው። በዓሉ ደግሞ ቀን ነው። ስለዚህ ለድምፅ ማጉያ ያለን ተስፋ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው የአቶ ንጉሤ ሜጋፎን ብቻ ነበር። እሳቸውን ለምኖ ሜጋፎን መዋስ የሰው ጥርስ እንደመዋስ ነው፤ ግን ሰጡን። የእጅ መነጋገሪያውን ነቅለን በቦታው የጊታሩን ሽቦ አገናኘን። ምሕረት ክሩን መታችው። ምንም። እንደገና መታችው። ምንም። ስድስት ራስ በጊታሩ ላይ ተደፋ። ሳስበው፣ ያ ቀጭን መዳብ ላዩ በቀለም የተለበጠ ነው፤ ጫፉ ካልተፋቀ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ይህንንም አስተምሬዋለሁ! ምሕረት ግን ከእኔ ቀድማ ጫፉን በምላጭ መፋቅ ጀምራ ነበር።

«አሁን በመጽሐፍ አይደለም መምህር» አለችና መታችው።

ክፍሉ በድምፅ ሞላ። አያ ኪሮስ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው አማተቡ። ከዚያ ተመልሰው ቀረቡና ጆሯቸውን ወደ ሜጋፎኑ አዘንብለው «ቆይ፣ እስኪ ድገሚው» አሏት።

የወላጆች ቀን ቅዳሜ ሆነ። ዝናብ ያዘለ ደመና ከላይ ቢያንዣብብም ፀሐዩ ወጥቷል። ሜዳው ሞላ። ከሩቅ ቀበሌ የመጡት ሌሊት ስለተነሡ ዱላና የእጅ ባትሪያቸውን እንደያዙ ተቀመጡ። የምሕረት አባት ከዝቋላ አንድ ቀን ተኩል ተጉዘው ደርሰዋል፤ አማርኛ ሲናገሩ ቃል እየመረጡ ነው።

አቶ ንጉሤ የመክፈቻ ንግግራቸውን በሜጋፎን ጀመሩ። እኛ ከኋላ ጊታሩን አቅፈን ቆመናል። ግማሽ ሰዓት ሆነ። «በሦስተኛ ደረጃ...» አሉ። የሜጋፎኑ ድምፅ ወፍራም ሲሆን ሰማሁ። «በአራተኛ ደረጃ...» ድምፁ ደከመ። «በመጨረሻም...» ሲሉ ሜጋፎኑ እንደ ንብ እዝዝዝ ብሎ ጸጥ አለ። አልሰሙትም፤ ያለ ሜጋፎን ጨረሱና ለእኛ አቀበሉን፤ የጊታሩን ሽቦ አገናኘን።

ምሕረት ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ክሩን መታች። ከሜዳው መሐል ያለ ሰው የሰማው ነገር የለም።

«በሉ እንጂ!» አሉ አቶ ንጉሤ።

«ጌታዬ፣ ድንጋዩን ጨርሰውታል!»

«እኔ?»

«በሦስተኛ ደረጃ ላይ» አለ ተሾመ።

ሱቅ ልሂድ ብዬ ተነሣሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ ባለ ሱቁ ሁሉ ገበያ ነው። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። አቶ ንጉሤ በዓይናቸው ወደ ክፍላችን ሲያዩ አየሁ፤ መጽሐፎቹን በሐሳባቸው እየደረደሩ መሰለኝ። ያኔ የምሕረት አባት ተነሡ። ሕዝቡን እያቋረጡ መጡና ባትሪያቸውን ፈትተው ሁለት ድንጋይ መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

«ለመመለሻዎ ጨለማ ይሆንብዎታል እኮ አባቴ» አልኳቸው።

«ልጄ... ትጩኽ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማቆም አልተቻለም። ሰው እየተነሣ ባትሪውን መፍታት ያዘ። አንዱ «የኔ ደክሟል፤ ግን ጠዋት ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ» ይላል፤ በዚያ አገር የደከመ ድንጋይ እንደ በርበሬ ይሰጣል፣ ሲሞቅም ለጊዜው ነፍስ ይዘራል፤ ይህም ኬሚስትሪ ነው፤ ግን ላስረዳ ጊዜ አልነበረኝም። አያ ኪሮስ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በምላሳቸው ጫፍ እየቀመሱ «ይሄ አለ፣ ይሄ የለም» እያሉ መረጡልን። ሜጋፎኑ የሚፈልገው ስምንት ሞላልን።

ምሕረት አንድ የሠርግ ዜማ ጀመረች። መጀመሪያ በቀስታ፣ ትንሽ እየተንተባተበች። ሁለተኛው ዙር ላይ ድምፁ ሜዳውን ዞሮ ከትምህርት ቤቱ ግንብ ተመልሶ መጣ። እናቶች እልል አሉ። ሽማግሌዎቹ እየሳቁ ትከሻቸውን መነቅነቅ ጀመሩ። አያ ኪሮስ አጠገቤ ቆመው የሚያዩት ሰዉን አልነበረም፤ ዋንዛውን ነበር። አባቷ እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጭነው ቆመው ቀሩ።

ዜማው ሲያልቅ አቶ ንጉሤ መጥተው ሜጋፎናቸውን አገላብጠው አዩት። «በዚህ ዕቃ አሥር ዓመት ተናገርኩ» አሉ፤ «እንዲህ አምሮብኝ አያውቅም።» ከዚያ ጎርነን ባለ ድምፅ ጨመሩ፦ «መጽሐፉን ቢሮዬ አስገባዋለሁ።»

አስገቡትም። በቀጣዩ ዓመት ሊያናግራቸው የሄደ ሰው በካርቶን መሐል ተሽሎክልኮ ነበር የሚያገኛቸው። እኛም በክፍላችን ውስጥ ሬዲዮ መፍታታችንን ቀጠልን። ሰቆጣ ሌላ አራት ዓመት አስተማርኩ። አያ ኪሮስ አሁን በሕይወት የሉም፤ ምሕረት መቐለ ትኖራለች፣ ነርስ ናት፣ ለበዓል ትደውልልኛለች።

ዛሬ ሥራዬ በአብዛኛው ሌሎች መምህራንን መጎብኘት ነው። ከተማም ገጠርም እዞራለሁ። ዝርዝር አሁንም እጽፋለሁ፤ ይህ ጠባይ ከአጥንት ጋር የሚያድግ ነው። ግን አንድ ልማድ ጨምሬያለሁ። አዲስ ነገር ላሳይ የሄድኩበት ቦታ ሁሉ፣ ወረቀቴን ከኪሴ ከማውጣቴ በፊት፣ እዚያ የኖረውን ሰው፣ ጥበቃም ይሁን አናጢ ወይም የክፍል አለቃ፣ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ «እኔ ባልመጣ ኖሮ ይህን ነገር ምን ያደርጉት ነበር?» ብዙዎቹ መጀመሪያ ይደነግጣሉ፤ የፈተና ጥያቄ ይመስላቸዋል። ቀስ ብለው ሲነግሩኝ ግን ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። አብዛኛውን ጊዜ መልሳቸው ከዝርዝሬ ያጥራል፤ ወረቀቴንም ሳላወጣ የተመለስኩባቸው ቀኖች ጥቂት አይደሉም።